ለእርጅና ያስቀመጥነው

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ነጭ ጋቢ አለበሱኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ የማይበልጥ፣ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ወይዘሮ ዘሀራ በኮምቦልቻና በደሴ ስንቱን ሰው ለእርጅናው ያሰናዱ እናታችን ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። እንባዬ መጣ። የደስታ መሰላቸውና ጭብጨባው በረታ። እኔ ግን አዳራሹን እየቃኘሁ አንድ ሰው እፈልግ ነበር፤ በእኔ ምክር ለእርጅናው ያስቀመጠ፣ ያስቀመጠውም እስከ ዛሬ የቆየለት አንድ ሰው። አላገኘሁም።

ዛሬ ቁጠባ በስልክ ሆኗል። ጣት ሲነካው ብሩ ይገባል፣ ጣት ሲነካው ይወጣል። «ለምን ታወጣዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የእኛ ሥራ ግን ያ ጥያቄ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ በሰው ብር ምን አገባችሁ ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ዛሬ እኔም ብሆን መልሱን በእርግጠኝነት አላውቀውም።

የተቀጠርኩት ኮምቦልቻ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፣ በጋ ሲሆን የኮምቦልቻ ሙቀት ያንገበግባል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ይማም ይባላሉ። ወጣትነታቸውን በክር ማጠንጠኛ ማሽን ሥር ጨርሰው፣ አንድ ጆሯቸው ከማሽኑ ጩኸት የተነሣ የደነቆረ ሰው ናቸው። ባለጉዳይ ሲመጣ በደህናው ጆሯቸው ለመስማት ጎንበስ ይላሉ። ሰው ይህን እንደ ትሕትና ይቆጥረውና ልቡን ይከፍትላቸው ነበር።

ጋሽ ይማም ለእርጅናው ሊያስቀምጥ የመጣን ሰው ስለ ብር ቀድመው አይጠይቁም። ከጠረጴዛቸው ኋላ ተነሥተው መጥተው ከባለጉዳዩ ጎን አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ «ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ይላሉ። ቀጥለው ዓይኑን፣ ወገቡን፣ ልጆቹን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቶኝ፣ «ጋሼ፣ ሐኪም ቤት አስመሰሉት እኮ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ዘሀራ፣ ሰው ስላለው ብር ይዋሻል። ያነሰው ይጨምራል፣ የተረፈው ይደብቃል። ስለ ጉልበቱ ግን የሚዋሽ አላየሁም። ጉልበቱ የሚደክምበትን ዘመን ካወቅሽ፣ ምን ያህል ማስቀመጥ እንዳለበት ቀሪው መደመር ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አስረድተው ሲጨርሱ ባለጉዳዩን ወዲያው አያስፈርሙትም። «አሁን ለሚስትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ» ይሉታል። ካልቻለ፣ ያልገባው ነገር አለና እንደገና ከሥሩ ይጀምሩለታል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው የሚፈርመው። ይህን ልማድ ወርሻቸው እስከ መጨረሻው ቀኔ ሠርቼበታለሁ።

ትልቁ ችግራችን ወለድ ነበር። አባላችን አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ «የወዲያኛውን ዓለም፣ አኺራዬን፣ በወለድ አላበላሽም» ይላል። እናም ብሩ ያለ ወለድ ይቀመጣል። አምና ሁለት ኩንታል እህል የገዛው ዘንድሮ አንድ ኩንታል ከግማሽ ይገዛል፤ ከርሞ አንድ። ጋሽ ይማም «ብር ቁጭ ሲል ይከሳል» ይሉ ነበር። ይህ ሲያብከነክናቸው ከርሞ፣ አንድ ቀን የሰፈሩን ሸህ ቢሮ ድረስ ይዘዋቸው መጡ። ሸሁና ጋሽ ይማም ከዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ «የእርጅና ድርሻ» የምንለው ነገር ተጀመረ። የአባላቱ ብር ተሰባስቦ የከሱ በሬዎች ይገዛሉ። ደጋን ከተማ በተከራየነው በረት ይደልባሉ። ለዓረፋና ለሌላውም በዓል ይሸጣሉ። ትርፉም ኪሳራውም እንደየድርሻው ይከፈላል። ሸሁ ሐላል ነው አሉ፤ ሰው ተሰለፈ።

ጋሽ ይማም ግን አንድ ከባድ ደንብ አስገቡበት። ድርሻው ባለቤቱ ስድሳ ዓመት እስኪሞላው አይወጣም። እሱ ካልታመመ፣ ወይም የማኅበሩ ኮሚቴ በሙሉ ካልፈረመ፣ አይነካም። መጀመሪያ ሰው አጉረመረመ። «የራሴን ብር?» አለ። እሳቸው እንዲህ ብለው አስረዱ፦ «እኛ ወሎዬዎች ለጠየቀን ሰው እንቢ ማለት አንችልም። የወንድም ሠርግ ይመጣል፣ የጎረቤት ለቅሶ ይመጣል፣ አውጥተን እንሰጣለን። እኛ የማንችለውን እንቢታ ይህ ደንብ ይበልልን።»

ሰው ገባው። ከዚያ በኋላ ዘመድ ሊበደር ሲመጣ፣ «ወላሂ እሰጥህ ነበር፣ ማኅበሩ ቆልፎብኝ እንጂ» ማለት ተለመደ። ማንም ሳይቀያየም ብሩ ይተርፋል። በሥራ ዘመኔ ከሠራነው ሁሉ ያን ያህል የተዋበ ነገር አላየሁም።

ደሴ ቅርንጫፍ ሲከፈት እኔን ላኩኝ። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሰዉ ግን ሌላ ነው። ታች ደመወዝተኛ ነበር፣ ላይ ነጋዴና የአትክልት ገበሬ። ደመወዝተኛ ጡረታ አለው፤ የእሱ ጣጣ የስንብት ክፍያው ላይ ግብር እንደሚቆረጥ ሳያውቅ ሙሉውን ለልጆቹ አስቀድሞ ቃል መግባቱ ነው። ነጋዴ ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለውም። ሲደክመው ሱቁን ይዘጋል፤ ያረጀ ያኔ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ሐጂ ሳልህ ናቸው። ቅድመ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ፒያሳ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ። ስለ እርጅና ድርሻ ሊጠይቁኝ መጡና፣ እንደ ጋሽ ይማም ከጎናቸው ተቀምጬ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኋቸው።

«ጉልበትማ ከድቶኝ ነው ሱቁን የተውኩት» አሉ። «ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ከመስጊድ ቤት፣ ከቤት መስጊድ ነኝ።»

«ሐጂ፣ ንግድ ፈቃድዎን መልሰዋል?»

«ምን እመልሳለሁ? ሱቁን ዘጋሁ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጠሁ። አበቃ።»

አላበቃም ነበር። ፈቃድ ካልተመለሰ በሕጉ ነጋዴ ነዎት። አብረን ግብር ቢሮ ሄድን። ሳይነግዱ የኖሩበት ዘመን ሁሉ ግብሩ ከነቅጣቱ ተደራርቦ ጠበቃቸው። አቤት ብለን ቅጣቱ ተነሣላቸው፤ ዋናው ግን ቀረ። ለእርጅና ድርሻ ይዘውት የመጡት ብር ለዚያ ዋለ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ነግጄ ያልከሰርኩትን ቁጭ ብዬ ከሰርኩ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየሁትን አዛውንት ነጋዴ ሁሉ «ሱቅዎን ብቻ አይዝጉ፣ ፈቃድዎንም ይመልሱ» ሳልል አልፌ አላውቅም። ሰላምታዬ ሆኖ ነበር።

ከድጃን ያገኘኋት በዚያው ዘመን ነው። ከደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት እያመጣች ሰኞ ገበያ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት ሴት። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነበርና ቶሎ ተግባባን። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ይማም ለጉብኝት መጥተው ስለነበር ያነጋገሯት እሳቸው ናቸው። «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ሲሏት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ገና ሁለት ጆንያ ያወጣል» ብላ አሳቀችን።

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። በእርጅና ድርሻ ታጠራቅማለች። ስድሳ ሲሞላት ታወጣና መንገድ ዳር ባለችው ቦታዋ ላይ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ትሠራለች። አንዱ ኪራይ ለእህል፣ አንዱ ለመድኃኒትና ለሰደቃ። መሠረቱን ቀድማ አስጥላዋለች። «ጆንያ መሸከም ሲያቅተኝ በር ላይ ተቀምጬ ኪራይ እቀበላለሁ» ትል ነበር። ብዙ የተማረ ሰው አማክሬያለሁ፤ እንደ እሷ አድርጎ እርጅናውን ያየው አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሁሉን ጥለን ሸሸን። ስንመለስ የኮምቦልቻው ቢሮ በር የለውም፣ የደጋኑ በረት በሬ የለውም። ብዙ ማኅበር እዚያው ቀረ። እኛ ግን ጋሽ ይማም ከጡረታቸው ተጠርተው የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑና፣ ባንክ ከነበረው ቅሪት እንደገና ጀመርን። ቀጫጭን በሬዎች ገዛን። የከድጃ ድርሻ በግማሽ ቢያንስም፣ «አብሽሪ፣ ከዜሮ አልጀመርንም» አለችኝ። እኔን የምታጽናናው እሷ ነበረች።

ልጇ ጀማል ግን መጽናናት አልቻለም። ትምህርቱ ተቋርጧል፣ ሥራ የለም። የሐርቡ ጓደኞቹ ሳዑዲ ገብተው ብር ይልካሉ ይባላል። አንድ ሌሊት ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ ጠፋ። ከድጃ ወር ሙሉ ምንም አልሰማችም። ከዚያ አንድ ረፋድ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ጎመኗን ገበያ ላይ ትታው ነው የመጣችው።

«ዘሀራዬ፣ የመን ይዘውታል» አለችኝ።

«ማነው የያዘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደውለው ድምፁን አሰሙኝ። እየመቱት ነው የሚያናግሩኝ። በዚህ ሳምንት ብሩን ካልላክሽ ቀጣዩን ስልክ አትጠብቂ አሉኝ። ድርሻዬን አውጪልኝ።»

አስቀመጥኳት፣ ውኃ ሰጠኋት። ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስድሳ አልሞላትም፣ አልታመመችም። የሚቀረው የኮሚቴው ፊርማ ነው። ሌሎቹ አባላት «ጋሽ ይማም ከፈረሙ እንፈርማለን» አሉ። ከድጃን ይዤ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ስልኳን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር።

ጋሽ ይማም በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ያኔ አንድ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። በደህናው ጆሯቸው ጎንበስ ብለው ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ «አይሆንም» አሉ።

«ጋሼ፣ ልጇ ነው» አልኩ።

«ልጇ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው እንቢ የምለው። እነዚህ ሰዎች ከየት ብር እንደሚወጣ ያነፈንፋሉ። ማኅበሩ እንደሚከፍል የሰሙ ቀን የአባላችንን ልጅ ሁሉ ይይዛሉ። ለከድጃ የከፈትነውን በር ነገ ከሐርቡ በምትመጣ እናት ላይ በምን አፋችን እንዘጋለን? ሌሎቹስ የእርጅናቸውን ምን ይበሉ?»

«ድርሻዋ የራሷ ነው እኮ።»

«በሬው ላይ ነው ያለው፣ ዘሀራ። የእሷን ለማውጣት ያልደለበ በሬ መሸጥ አለብን። ኪሳራው የሁሉም ነው።»

ትክክል ነበሩ። ያኔ ከድጃ ከተቀመጠችበት ተነሣችና ከጎናቸው ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ልክ እሳቸው ከሰው ጎን እንደሚቀመጡት።

«አባባ፣ ያኔ ጉልበትሽ እንዴት ነው ብለው ነበር የጠየቁኝ» አለች። «ቀልጄ ነው የመለስኩልዎ። ጉልበቴ ጀማል ነው። እሱ ከሌለ ለምን እርጅና ነው የማስቀምጠው?»

ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘርግተው «ብዕር ስጪኝ» አሉኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ክንዳቸውን ደግፌ ነው ያስፈረምኳቸው። ሲጨርሱ ብዕሩን አልመለሱልኝም፤ እንደያዙት፣ «ልጁ ይዳን እንጂ፣ ማኅበሩስ ዛሬ ሞተ» አሉ። ከድጃ አልሰማችም፤ እያለቀሰች ጉልበታቸውን ይዛ ነበር።

ብሩ በነገሯት ሰው እጅ ተላከ። ጀማል ተለቀቀ፤ የሳዑዲ ድንበር ላይ ተይዞ ከብዙ ወራት በኋላ ወደ አገር ተመለሰ።

ጋሽ ይማም ያሉትም ደረሰ። ወሬው ሳምንት አልፈጀበትም። የሐርቧ እናት መጣች፣ ቀጥሎ ከቃሉ ወረዳ አንድ አባት፣ ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች። ሁሉም ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «ስሚው፣ ድምፁን ስሚው» ይሉኛል። ሰማሁ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ደንብ አይጠቅስም። ኮሚቴው ፈረመ፣ እንደገና ፈረመ። ዓረፋ ሳይደርስ በሬዎቹ አጥንታቸው እንደታየ ተሸጡ። አንዳንዱ ልጅ ተመለሰ። አንዳንዱ ብሩ ከሄደ በኋላም ድምፁ ጠፋ። በመጨረሻ ልጅ ያልተያዘባቸው አባላት በሰልፍ መጥተው የቀረንን ስጡን አሉ። በየድርሻቸው ሲከፈል ለአንዳንዱ ለሁለት ወር አስቤዛ የማይበቃ ሆነ። የእርጅና ድርሻ በዚሁ ተዘጋ፤ ማኅበሩ ተራውን ቁጠባና ብድር ብቻ ይዞ ቀረ። አንድ የፋብሪካ ዘበኛ፣ እንደ ሌላው ከደመወዙ እየቆረጠ የኖረ፣ የተሰጠውን ይዞ ፊቴ ቆመና፣ «እኔ ልጅም የለኝ፤ የእኔ እርጅና የማንን ልጅ ነው ያዳነው?» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ መልሱን ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

ብዙዎች ዛሬም ጥፋቱን ከድጃ ላይ ይጥሉታል። እኔ ያን በረንዳ እንደገና ብቆምበት ያንኑ ክንድ እደግፋለሁ። ዘበኛውን ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ ስፈልግ ነው ጡረታዬ የደረሰው።

ጋሽ ይማም አልጋ ላይ ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስለ ማኅበሩ አላነሡም። «የከድጃ ልጅ ገባ?» አሉኝ።

«ገባ፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሳምንቱ ቀበርናቸው። ቀጥሎ የሆነውን ሳይሰሙ መሄዳቸው ጥሩ ነው እላለሁ።

ጀማል ሲመለስ አይቼዋለሁ። የእጁ አንጓ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር የሚሠራው አልነበረውም። ሲበረታ እናቱ ያስጣለችው መሠረት ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመረ። «እኔ እሠራልሻለሁ» ብሏታል። ድንጋዩ ወገብ ሲደርስ ሲሚንቶ መግዣ አጣ። ሥራ ቢፈልግ የለም። እናቱ ጆንያ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ እያየ ይውላል። የሚያውቁት ሁሉ ደግሞ ያስታውሱታል፤ «እናትህ እርጅናዋን ሸጣ ነው የገዛችህ» ይሉታል። ለምስጋና ነበር የሚሉት።

አንድ ሰኞ፣ ከድጃ ገበያ ውላ ሳለ፣ ጀማል እንደገና ተሰደደ። ለጎረቤታቸው የነገራት ቃል ይህ ነው፦ «እማን፣ ‹እርጅናሽን በልቼብሻለሁ፣ ልመልስልሽ ሄጃለሁ ብሏል› በይልኝ።»

ይህን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከራሷ አፍ ነው። ጡረታዬ እስከ ወሩ መጨረሻ አያደርሰኝምና እንደ ማንም ሰው አትክልት ረከስ ወዳለበት እሄዳለሁ። ሰኞ ገበያ ጎመኗ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ወገቧ ጎብጧል። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ስልክ ደወለ?» አልኳት።

«አንዴ። ጅቡቲ ደርሶ። ዱአ አድርጊልኝ አለኝ።» ጎመኑን ውኃ ረጨችበት። «ከዚያ ስልኩን ሸጥኩት።»

«ኧረ በአላህ፣ ከድጃ! እንዴት ስልክ ትሸጫለሽ? ልጅሽ ቢፈልግሽስ?»

«እነዚያ ቢደውሉ ምን እሰጣቸዋለሁ? ድርሻ የለኝ። ቦታውን ማንም አይገዛኝ። እየመቱት ድምፁን አሰምተውኝ፣ የለኝም ልላቸው ነው?» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ግን ከሰው ጋር መነጋገር ታውቂበታለሽ። ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ያኔ ሲደውል፣ ስልኩን ከመሸጤ በፊት፣ ጀማልን ያንቺን ቁጥር አስያዝኩት። አትቆጪኝ።»

አልተቆጣሁም። ጎመኔን ገዛሁ፣ መመለሻውን ተቀበልኩ። «እሺ» አልኳት።

ይኸው ክረምቱ ወጣ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል የያዝኩትን ጥዬ አነሣዋለሁ፤ የተሳሳተ ጥሪ ይሆናል፣ ወይም የባንክ ማስታወቂያ። እስካሁን ከባሕር ማዶ አልተደወለም። ከተደወለ የምለውን ለራሴ ሳጠና እውላለሁ፤ አንዱም ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አይሄድልኝም።